ሥዕሉ የእኛ፣ አንደበቱ የማን?

«ፊልም ለመዝናኛ ነው፤ ለትምህርት ከሆነማ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ውለናል» የሚል ንግግር በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ይህን የሚሉትን ጓደኞቻችንን አንጠላቸውም። ከጧት እስከ ማታ በትምህርት የደከመ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ራሱን ቢረሳ የሚወቅሰው የለም። ይሁን እንጂ ንግግሩ ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱም ጉዳት ያመጣል። ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ይጠነቀቃል፤ ያሰምርበታል፤ ይጠራጠረዋል፤ በኅዳጉ ላይ «ይህስ አይደለም» ብሎ ይጽፍበታል። ፊልም ሲያይ ግን መብራቱ ሲጠፋ ጥርጣሬውም አብሮ ይጠፋል። በበር ቢመጣ የምንመልሰው አስተሳሰብ በመስኮት የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

«ፊልም ምን ያደርጋል?» ለሚሉን ከገዛ አገራችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ይዘውት የመጡት የረሃብተኞች ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታየ፤ መንግሥት ግን ነገሩን ሊሸፍን ሞከረ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያንኑ ረሃብ በፊልም ቀርጾ ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ፤ ዓለምም ሰማ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። ነገር ግን እንደ ነበረ አላቀረበውም። በሚሞተው ሕፃንና በምታለቅሰው እናት መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ እየቆራረጠ አስገባበት። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው ፊልሙ ብቻ ነው አንልም፤ የወታደሩ አመፅ፣ የታክሲ ነጂው አድማ፣ የመምህሩና የተማሪው ሰልፍ ከዚያ በፊት መሠረቱን አናግተውት ነበር። ግን እንጠይቅ፤ ታንክና መትረየስ የነበራቸው ሰዎች በዋዜማው ምሽት ፊልም ያስፈለጋቸው ለምን ነበር?

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እነዚያው ሰዎች በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብሩ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል እንደገና ይራብ ነበር። በወሩ፣ በጥቅምት፣ የኬንያዊው የመሐመድ አሚን ካሜራ ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ገባ፤ የድግሱም ነገር በዓለም ፊት ተጋለጠ። በፊልም የወጡ ሰዎች በፊልም ተዋረዱ።

እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ ፊልሞች ውስጥ ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። ረሃብተኛው ይታያል፤ አይናገርም። ስለ እርሱ የሚናገረው ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ ነው። ጋዜጠኞቹን አናማም፤ የራሱ መንግሥት የደበቀውን ሕዝብ ለዓለም ማሳየታቸው ውለታ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚያውቀን በዓይኑ ነው እንጂ በጆሮው አይደለም። በየትኛውም አገር ያለ ሰው የኢትዮጵያዊት እናት የከሳ ፊት ያውቃል፤ ያች እናት ስለ እርሻዋ፣ ስለ ግብሯ፣ ስለ ጭቃ ሹሟ ምን እንዳለች ግን የሚያውቅ የለም።

ባለፉት ሳምንታት ያየናቸውን ጥቂት ፊልሞች የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው። ማን ታየ ብለን ሳይሆን ማን ተናገረ ብለን እንጠይቃለን። የፊልሞቹን ዓመት የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ጥቁሯ ልጃገረድ» (1966)

የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ሸክም ሲያወርድ የኖረ ሠራተኛ ነበር። ቆይቶ ልብ ወለድ ጻፈ። የጻፈላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንበብ እንደማይችሉ ባየ ጊዜ ግን ወደ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሥራ ተማረ። ይህ ፊልም አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጃል። ዲዋና የምትባል የዳካር ልጅ ልጆች ትጠብቂያለሽ ተብላ ወደ ፈረንሳይ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና ወለል ጠራጊ ትሆናለች። ከወጥ ቤትና ከመኝታ ክፍል በቀር ያየችው ፈረንሳይ የለም።

በፊልሙ ውስጥ ሊረሳ የማይገባ አንድ ትርኢት አለ። ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣላታል። ማንበብ አትችልምና አሠሪዋ ያነብላታል፤ ከዚያም ሳትጠይቀው መልሱን ራሱ ይጽፍላት ጀመር፤ ደኅና ነኝ፣ ተመችቶኛል እያለ። ልጅቱ ደብዳቤውን ትቀዳድደዋለች። የጭቆና ሁሉ ምሥጢር በዚህች ትንሽ ትርኢት ውስጥ ተጠቃሏል። ጉልበትሽን ወሰደ፤ ደመወዝሽን ከለከለ፤ ለእናትሽ የምትልኪውንም ቃል ነጠቀሽ። በመጨረሻ ዲዋና በገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ራሷን ትገድላለች።

ይህን አይቶ «የሴኔጋል ታሪክ ነው» የሚል ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካለ ሰፈሩን ዞር ብሎ ይመልከት። ወደ ቤይሩትና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሠራተኛነት የሄደች እኅት፣ የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት የሌለው ማን ነው? በ2012 ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት እኅታችን መሬት ለመሬት ስትጎተትና በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ መንገደኛ ቀርጾ ሥዕሉ ዓለምን ዞረ። ሴትዮዋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተች፤ ራሷን እንዳጠፋች ተነገረ። እርሷንም አየናት እንጂ አልሰማናትም። በፊልሙ ላይ አንድ ነቀፌታ አለን፤ የዲዋና የልቧ ሐሳብ የሚነገረው በአሠሪዎቿ ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ ነው። ሴምቤን ግን ይህን እዚያው አልተወውም፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ «ማንዳቢ» የተባለውን ፊልሙን በወሎፍኛ ሠራ።

«የአልጀርስ ጦርነት» (1966)

ሚዛናችን የዳይሬክተሩን ፓስፖርት የሚመረምር እንዳይመስል ይህን እናስከትል። ጂሎ ፖንቴኮርቮ ጣሊያናዊ ነው። የፊልሙ አንደበት ግን የአልጄሪያውያን ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ የተመሠረተው ከታጋዮቹ መሪዎች አንዱ በነበረው በሳዲ ያሴፍ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ራሱ ያሴፍም ከፊልሙ አሠሪዎች አንዱ ነበር፤ በፊልሙም ውስጥ ተጫውቷል። ከአንድ ዋና ተዋናይ በቀር የሚጫወቱት ከከተማው ሕዝብ መካከል የተመረጡ ሰዎች ናቸው። በ1966 በቬኒስ የወርቅ አንበሳውን ሽልማት አገኘ፤ ፈረንሳይ ግን ለዓመታት እንዳይታይ ከለከለችው። የተከለከለበት ምክንያት ውሸት ስለ ተናገረ አይደለም።

ፊልሙን የምናከብረው ለእኛ ወገን ስለሚያዳላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሦስቱ ሴቶች ቦምብ ይዘው ወደ ፈረንሳዮቹ ሰፈር ሲገቡ ካሜራው ሊሞቱ ያሉትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያሳየናል፤ አይስክሬም የሚልስ ሕፃን ሳይቀር። በነጻነት ስም የሚፈስሰው ደም የማን እንደ ሆነ አይደብቅም። ከዚህ ፊልም ወጥቶ ጡጫውን እያነሣ የሚፎክር ጓደኛችን ግማሹን ብቻ ነው ያየው። ሌላው ግማሽ የሚያመው ነው። የአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት፣ ፔንታጎን፣ በ2003 ይህንኑ ፊልም ለራሱ ሰዎች ማሳየቱ የታወቀ ነው። ጌቶች ፊልምን ለመዝናኛ ብቻ እንደማያዩት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976)

ኃይሌ ገሪማ ይህን ፊልም ያነሣው በ1974፣ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ፣ ወደ አገሩ መጥቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ተጫዋቾቹ ባለሙያዎች አይደሉም። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «ይንቀራፈፋል» የሚል አቤቱታ ከብዙ ሰው ሰምተናል። እውነት ነው፤ ይንቀራፈፋል። በሬ ተጠምዶ እስኪያርስ፣ ገበሬው ከጌታው ደጅ ደርሶ እጅ እስኪነሣ ድረስ ካሜራው ይጠብቃል። ሦስት ሺህ ዓመት የተጎተተ ቀንበር በሁለት ደቂቃ እንዲያልፍልን የምንፈልገው እኛ ነን እንጂ ተሸካሚው አይደለም። የጭሰኛው ድካም እኛን ካሰለቸን ጭሰኛውን ምን ያህል አሰልችቶት ይሆን?

መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እብድ የሚለው ከበበ በባላባቱ ላይ የሚያወርደው የቃል ውርጅብኝ በአማርኛ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ተወዳዳሪ የለውም ብለን እናምናለን። በኋላ በባላባቱ ላይ ዱላውን ያነሣል፤ ከዱላው በፊት ግን ምላሱ ገድሎታል። እዚህ ላይ ድኻው ለመታዘን አልቀረበም፤ ለመናገር ቀርቧል። ከዲምብልቢ ፊልም በኋላ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው አገር፣ ስለዚያው ገበሬ የተነሣ ፊልም ይህን ያህል ሊለይ መቻሉን ያስተውሏል።

«ድፍረት» (2014)

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ታመልጣለች፤ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ጥብቅና ይቆምላታል። መነሻው በ1996 በእውነት የሆነ ነገር ነው፤ ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ኋላ ከ2018 እስከ 2023 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አርእስቱ በጣም የታሰበበት ነው፤ በቋንቋችን ጀግንነቱም ድፍረት ነው፣ ወንጀሉም ድፍረት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ ስለዚህ ነገር በአማርኛ መናገሩ፣ የሽማግሌዎችን ሸንጎም እንደ አውሬ ጉባኤ ሳይሆን እንደ ሰው ስብሰባ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ነገር ግን ሚዛኑን ለወዳጅ አንቀንሰውም። ፊልሙ በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ምክንያቱም ታሪኩ የደረሰባት ሴት ያለ ፈቃዴ ተሠራብኝ ብላ ስለ ተከራከረች ነው። ዕግዱ በኋላ ተነሥቷል። ስለ ሕጉ ፍርድ የምንሰጠው እኛ አይደለንም። ይሁን እንጂ ጥያቄው አይነሣም፤ በጉልበት የተደፈረች ልጅ አድጋ «ታሪኬንስ ማን ፈቀደላችሁ?» ስትል መልሱ «ለበጎ ነው» ሊሆን አይችልም። ለዲዋና ደብዳቤውን የጻፈላትም ሰውዬ ለበጎ ያደረገው መስሎት ነበር። በጎ አሳቢ ሁሉ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ።

«ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» (2019)

ይህን ፊልም ኔትፍሊክስ አሳይቶታል፤ ብዙ ጓደኞቻችንም አጨብጭበውለታል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል ስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በሚባል ስፍራ፣ የመዝናኛ ሆቴል ከፍቶ ቤተ እስራኤላውያንን በስውር ማሻገሩ እውነት ነው። ድንቅ ታሪክ ነው። ከፊልሙ ግን የምናገኘው ምንድር ነው? ጡንቻቸውን ያፈረጠሙ ሰላዮች ይዋኛሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ይከራከራሉ፤ ያድናሉ። ቤተ እስራኤላውያኑ በጨለማ ይሰለፋሉ፤ መኪና ላይ ይወጣሉ፤ ጀልባ ላይ ይወርዳሉ። ሥፍራው እንኳ ኢትዮጵያም ሱዳንም አይደለም፤ የተነሣው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው።

እነዚያ ሰዎች ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘዋል። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚጠጉ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሟል። መንገዱን ከከፈቱት ቀዳሚው ከትግራይ የወጣው መምህር ፈረደ አክሉም ነበር። በፊልሙ ውስጥ እርሱን የሚመስል ሰው አለ፤ ስሙ ግን ተለውጧል፤ የጀግንነቱም ወንበር ለሌላ ተሰጥቷል። የተራመደው ሳይታሰብ ያሳፈረው ተሸለመ።

«ፈረንጅ የሠራው ስለ ሆነ ትጠሉታላችሁ» እንዳትሉን፤ በሩማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራው ራዱ ሚሃይሌአኑ በ2005 ስለዚሁ ጉዞ ሌላ ፊልም ሠርቷል። እናቱ ከሱዳን መጠለያ አይሁዳዊ አስመስላ የላከችው ክርስቲያን ልጅ ነው ባለ ታሪኩ። ልጁ በእስራኤል ሲያድግ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ አንድ ቄስ ይጽፉለታል፤ ቃሉ ግን የልጁ ነው። በአንደኛው ፊልም ኢትዮጵያዊው ዕቃ ነው፤ በሁለተኛው ሰው ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ገንዘብ አይደለም፤ መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

«ጤዛ» (2008)

ይህን ወደ መጨረሻ ያቆየነው የሚነካው እኛኑ ተማሪዎችን ስለ ሆነ ነው። በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸልሟል። የኃይሌ ገሪማ ባለ ታሪክ አንበርብር በጀርመን አገር የተማረ የሳይንስ ሰው ነው። ሕዝቡን በሽታ እፈውሳለሁ ብሎ ተነሥቶ አንድ እግሩን አጥቶ፣ አእምሮው ታውኮ፣ ጣና አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። በፊልሙ ውስጥ በጀርመን ያሉት የኢትዮጵያ ተማሪዎች በስብሰባቸው ሲነታረኩ ስናይ አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሳቁ አላስደሰተንም። የሚሳቅበት ሰው እኮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ስለ ሰፊው ሕዝብ ሲከራከሩ ሰፊው ሕዝብ በስብሰባው የለም፤ በሕዝቡ ስም ይምላሉ፣ በሕዝቡ ስም ይወጋገዛሉ፣ ኋላም በሕዝቡ ስም ይገዳደላሉ። መንደርተኛው ግን ልጁን ከአፈሳ ለማዳን ዋሻ ውስጥ ይደብቃል፤ ምሁሩ አገሩን ነጻ ያወጣበትን ንድፈ ሐሳብ የሚጠይቀውም የለም። በመጨረሻ አንበርብር በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች ማስተማር ይጀምራል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከሕዝቡ ጋር ይነጋገራል እንጂ ስለ ሕዝቡ አይናገርም።

ስለዚህ ክሳችን በውጭ አገር ፊልም ሠሪ ላይ ብቻ የተነጣጠረ አይደለም። ሰላዮቹን ጀግና ያደረገው ፊልምና ገበሬውን በመፈክር የሸፈነው የተማሪ ስብሰባ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ድኻውን ይወዱታል፤ ሁለቱም አፉን ይይዙታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ መቀመጥ ቀላል ነውና ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የማኅበራችን የፊልም ምሽት ፊልሙ ሲያልቅ አይበተን። መብራቱ ይብራ፤ ግማሽ ሰዓት ክርክር ይደረግ። ያልወደደው ለምን እንዳልወደደ፣ ያጨበጨበው ለምን እንዳጨበጨበ ቆሞ ይናገር።

ሁለተኛ፤ ከሚታዩት ፊልሞች ቢያንስ ግማሾቹ ሰዎቹ በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩባቸው ይሁኑ። በአማርኛ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ፣ ከአፍሪካም በወሎፍኛና በሌሎቹ። የጎረቤቱን ቋንቋ በፊልም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ ስለ አንድነት ሊሰብከን አይገባም።

ሦስተኛ፤ ሴምቤን ካሜራ ለማግኘት ስንት ዓመት ለፋ፤ ዛሬ ከእኛ መካከል በኪሱ ካሜራ ያልያዘ ጥቂት ነው። የምንቀርጽበት ግን ራሳችንን፣ ምግባችንንና ጫማችንን ነው። በክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንቅረጽ፤ ያረሰችውን አያት፣ ከቤይሩት የተመለሰችውን እኅት፣ ከሱዳን ድንበር የተረፈውን ጎረቤት። አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ። «አይሆንም» ካሉ ካሜራውን እንዝጋ። «ይሁን» ካሉ ደግሞ ካሜራውን አስቀምጠን እኛ ዝም እንበል፤ ጨርሰው እስኪናገሩ ድረስ አናቋርጣቸው፤ በቃላቸውም ላይ የራሳችንን ማብራሪያ አንደርብበት።

ይህን ከባድ ነው የሚል ካለ፣ ከባድ የሆነው ካሜራው ሳይሆን ዝም ማለቱ መሆኑን እንነግረዋለን። «ፊልም ለመዝናኛ ነው» የምትሉትም ጓደኞቻችን ብዕር አንሡ፤ ይህች ገጽ ለሚቃወመን ሁሉ ክፍት ናት። ከዚያ በፊት ግን «ጥቁሯ ልጃገረድ»ን እዩ፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱም በሰው አገር ወጥ ቤት ውስጥ ላለችው እኅታችሁ ደውሉላትና እንዴት ነሽ በሏት። «ደኅና ነኝ» ካለች ቶሎ አትዝጉት፤ ጥቂት ቆዩና እንደገና ጠይቋት።